መውጫውን ሳታዩ አትግቡ፦ የግል ድረ ገጽ መሣሪያና ማስቀመጫ ስለ መምረጥ

(ይህ በአንድ የጸሐፊዎች፣ የመምህራንና የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ያቀረብሁት ንግግር ነው። ከጥቂት እርማት በስተቀር እንደ ተነገረ ተጽፏል።)

የተከበራችሁ የዚህ ስብሰባ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ሰብሳቢያችን ሲያስተዋውቁኝ «የኮምፒውተር ሊቅ» አሉኝ። አክብሮታቸውን አመሰግናለሁ፤ ሊቅ ግን አይደለሁም። እንጀራዬ የሰዎችን ድረ ገጽ መሥራትና የተበላሸውን መጠገን ነው። ከሁለቱም የሚበዛው ጥገናው ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትሰሙት ሁሉ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ከተጠራ ሰው አፍ የወጣ ነው፤ ትንሽ ጨለምተኛ ብሆንባችሁ ይቅርታ።

በሻይ ሰዓት ከብዙዎቻችሁ ጋር ተነጋግረናል። የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው ይሻላል?» ዎርድፕረስ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ይሻላል ወይስ ሌላ? የአገር ውስጥ ሆስቲንግ፣ ማለትም የድረ ገጹ ፋይሎች የሚቀመጡበት የኪራይ ቦታ፣ ወይስ የውጭ? ነጻው ወይስ የሚከፈልበት? እመልሳለሁ፣ ሳልመልስ ከዚህ መድረክ አልወርድም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሻጮቹ አይነግሯችሁም፣ ገዢዎቹም አይጠይቁም። ነገ ልውጣ ብል ምን ይዤ እወጣለሁ? ድርጅቱ ቢዘጋ፣ ዋጋው ቢንር፣ ሥራውን የሠራልኝ ሰው ቢጠፋ፣ ምን ይዤ እወጣለሁ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ፤ እኔንም አስተምረውኛል። ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ስለ ከተማቸው መጻፍ ጀመሩ። የትኛው ሰፈር ቀድሞ ምን ይባል እንደ ነበር፣ ገበያው ለምን ከቅዳሜ ወደ ሐሙስ እንደ ዞረ፣ የድሮው ወፍጮ የማን እንደ ነበር። ይህን ሁሉ የሚጽፉት በአንድ ማኅበራዊ መገናኛ ላይ፣ በስልካቸው፣ በቀጥታ ነበር። ከየአገሩ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ያነቧቸዋል፣ አሮጌ ፎቶ ይልኩላቸዋል፣ ያርሟቸዋል። አንድ ቀን ገጻቸው ተዘጋ። ለምን እንደ ተዘጋ የነገራቸው የለም፤ «ደንብ ጥሰዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ደወሉልኝና «አንተ ልጅ፣ ከገዛ ቤቴ አስወጡኝ» አሉ። «ጋሼ፣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ አለ?» አልኳቸው። «የት አባቱ ይኖራል፤ እዚያው አልነበር የምጽፈው!»

አቤቱታ ጻፍን፣ መታወቂያ ላክን፣ መልስ አልመጣም። ያተረፈችልን አንዲት እስራኤል የምትኖር የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። ደስ ያላትን ጽሑፍ እየገለበጠች ለራሷ ስታስቀምጥ ኖራለች፤ የያዘችውን ሁሉ ላከችልን። ዛሬ ጋሼ የራሳቸው ድረ ገጽ አላቸው፤ እዚያ ላይ ያለው አሮጌ ጽሑፍ በሙሉ እርሷ የወደደችው ነው። ያልወደደችው ጠፍቷል። እስቲ አስቡት፤ የአንድ ሰው የዓመታት ሥራ በአንዲት አንባቢ ምርጫ ተጣርቶ ሲቀር!

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጂኦሲቲስ የሚባል አገልግሎት ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፣ ማንም ሰው በነጻ የራሱን ገጽ ይሠራበት ነበር። በ1999 ያሁ በቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2009 ዘጋው። በቢሊዮን ዶላር የተገዛ ነገር በ10 ዓመት ውስጥ ተዘጋ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች ነበሩበት፤ ከፊሉን በጎ ፈቃደኞች እየተሯሯጡ ገልብጠው ባያተርፉት ኖሮ ሁሉም ይሄድ ነበር። ጉግል ፕላስም እንዲሁ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ተዘጋ። እነዚህ ትንንሽ ሱቆች አልነበሩም። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ስለ አራት ነገር እናገራለሁ፤ ስለ አድራሻው፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ማስቀመጫው፣ ስለ ፊደላችን። እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ አድራሻውና ፊደሉ ላይ ብቆይ አትታዘቡኝ።

አንደኛው አድራሻው ነው።

አድራሻ የምለው ዶሜን የምንለውን፣ አንባቢው አሳሹ ላይ የሚጽፈውን ስም ነው። ዶሜኑ ሌላ፣ ድረ ገጹ ሌላ ነው! ብዙ ሰው አንድ ጥቅል አድርጎ ይገዛቸውና አንድ ይመስሉታል። ስሙን ከአንድ ድርጅት አስመዝግባችሁ ፋይሎቻችሁን ሌላ ድርጅት ዘንድ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። እኔ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ሆስቲንጉ ያው የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩ ቢከፋ ዕቃችሁን ጭናችሁ ትወጣላችሁ። ስሙ በእጃችሁ ከሆነ ወደ አዲሱ ቤት ታዞሩታላችሁ፤ አንባቢያችሁ መዛወራችሁን እንኳ አያውቅም። ሁለቱም በአንድ እጅ ከሆኑ ግን፣ ያ እጅ ሲጨብጥ መውጫ የለም።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነኝን ታሪክ ስሙ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት፤ በከተማዋ ስመ ጥር። ድረ ገጿን የጎረቤት ልጅ ሠራላት፤ ጎበዝ ልጅ፣ ጥሩ ልጅ፣ ገንዘብ እንኳ በወጉ አልተቀበላትም። ዶሜኑን ሲያስመዘግብ ግን በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስልክ አስመዘገበ። ተንኮል አልነበረውም፤ ቅጹ ሲጠይቀው የራሱን ሞላ። ከጊዜ በኋላ ዱባይ ሄደ። ስልክ ቁጥሩን ለወጠ፣ በአሮጌው ቁጥር የታሰረው ኢሜይልም አብሮ ተቆለፈበት። «ዶሜኑን አድሱ» የሚለው ማሳሰቢያ እየመጣ ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ተከማቸ።

ዶት ኮም ጊዜው ባለፈ ማግስት አይጠፋም። መጀመሪያ አስመዝጋቢው ድርጅት የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ አለ። እርሱ ካለፈና ስሙ ከተሰረዘ በኋላ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ማስመለስ የሚቻልበት 30 ቀን ይቀራል። ከዚያ 5 ቀን ለመጨረሻ ስረዛ። ከዚያ በኋላ ስሙ ቀድሞ የደረሰ ሰው ነው። እኔ የተጠራሁት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነበር። ስሙን የወሰደው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ምን እንዳደረገበት ግን አይተናል። ፎቶ አንሺዋ በየአልበሙ ጀርባ አድራሻዋን በወርቃማ ቀለም ታሳትም ነበር። ዛሬ በየሰው ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከዳንቴሉ ላይ የተቀመጠው የሠርግ አልበም ጀርባ የሚመራው ወደ ቁማር ነው!

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ድረ ገጽ ያላችሁ ሰዎች ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ ዶሜናችሁ በማን ስም ነው? በማን ኢሜይል ነው? በማን ስልክ ነው? ሠሪው ወንድማችሁም ቢሆን፣ ልጃችሁም ቢሆን፣ በእናንተ ስም ይሁን። ኢሜይሉ ደግሞ በዚያው ዶሜን ላይ የተከፈተ ኢሜይል አይሁን፤ ዶሜኑ ሲቋረጥ ኢሜይሉም ይቋረጣልና ማሳሰቢያው የሚደርሳችሁ በተዘጋው በር በኩል ይሆናል። አቅም ካላችሁ የበርካታ ዓመት ክፈሉ፤ ዶት ኮም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ይፈቅዳል።

«ዶት ኢቲስ?» ትሉኛላችሁ። ዶት ኢቲ የአገራችን ስም ነው፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ለንግድ ድርጅት ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ ለግለሰብ ዶት ኔም ዶት ኢቲ የሚባል አለ። ሥራችሁ እዚሁ ከሆነ፣ ደንበኛችሁም እዚሁ ከሆነ፣ ጥሩ ነው፤ በብር መክፈሉ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ነገ ሜሪላንድ ለምትኖሩ ግን ከየትም አገር በቀላሉ የሚታደሰውን እመርጥላችኋለሁ።

ስም ስትመርጡ ደግሞ በሬዲዮ ቢነገር ሰው ሊጽፈው ይችላል ወይ ብላችሁ ሞክሩት። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንጽፈዋለን? አንዱ በ«ቲ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኤስ»፤ መጨረሻው ላይ አንዱ «ዋይ» ያደርጋል፣ ሌላው «አይ»። አራት ሰው አራት ዓይነት ጽፎ ሦስቱ ባዶ ቦታ ይደርሳሉ። የሚያሻማ ድምፅ የሌለበት ስም ካገኛችሁ እርሱን ያዙ።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው።

ገበያው ላይ ብዙ ስም አለ፤ በሦስት ከፍላችሁ እዩት። አንደኛው ሁሉን አዘጋጅቶ የሚጠብቃችሁ፣ በጣት እየጎተታችሁ የምትሠሩበት አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ዎርድፕረስን የመሰለው ነው። ሦስተኛው ተራ ፋይል ነው።

ስለ መጀመሪያው ብዙ አልናገርም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያምራል፣ ይሠራል። በየወሩ በዶላር ያስከፍላል፤ ልውጣ ስትሉ ደግሞ ጽሑፋችሁን ቢሰጣችሁ እንኳ ያማረውን ቤት አይሰጣችሁም። ለአንድ ዐውደ ርእይ፣ ለአንድ ዝግጅት ከሆነ አልከለክላችሁም። ለዕድሜ ልክ ሥራ ግን አልመክርም።

ዎርድፕረስ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእርሱ የተሠሩ ናቸው። ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ሠሪው ቢጠፋ ሌላ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም፤ ከአንዱ ሆስቲንግ ወደ ሌላው ማዛወሩም የተለመደ ሥራ ነው። ጥሩ መውጫ አለው ማለት ነው። ክፋቱ ምንድን ነው? ሕያው ነገር ነው። አንባቢ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ፋይሎቻችሁ በተቀመጡበት የሆስቲንጉ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለው ፕሮግራም ከመረጃ ቋት ጽሑፉን አውጥቶ ገጹን ይገጣጥማል። ያ ፕሮግራም ይታደስ ዘንድ ግድ ነው፤ ላዩ ላይ የጫናችኋቸው ፕለጊኖች፣ ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እነርሱም እንዲሁ። ሳይታደስ የከረመ ፕለጊን ሌባ የሚገባበት መስኮት ነው።

አንድ ወዳጄ ገጣሚ ነው። ድረ ገጹን ካሠራ በኋላ ዞር ብሎ አላየውም ነበር። አንድ ቀን ስሙን ጉግል ላይ ሲፈልግ፣ የግጥሞቹ አርእስት በነበሩበት ቦታ ላይ የጃፓንኛ ጽሑፍ ተደርድሮ አየ። ደወለልኝና በእውነት በደስታ ድምፅ፣ «ስማኝማ፣ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሜአለሁ መሰለኝ!» አለኝ። ገብቼ ሳየው የእጅ ሰዓትና የቦርሳ ማስታወቂያ ነው። (ሳቅ) አትሳቁ፣ የታወቀ የጠለፋ ዓይነት ነው፤ ሰርጎ ገቦቹ በሺህ የሚቆጠር የማስታወቂያ ገጽ ፈልፍለው የእናንተን ስም ይነግዱበታል። የገቡት እርሱ መኖሩን እንኳ በማያውቀው የፎቶ ማሳያ ፕለጊን በኩል ነበር። ዎርድፕረስን የምትመርጡ ከሆነ ፕለጊን አታብዙ፤ የማትጠቀሙበትን አጥፉ፤ በራሱ የሚታደስበትን ቅንብር ክፈቱ። ደግሞም ልብ በሉ፤ ዎርድፕረስ ውስጥ «ላክ» ብላችሁ የምታወጡት ፋይል ጽሑፉን እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም፤ የሚይዘው ፎቶዎቹ ያሉበትን አድራሻ ብቻ ነው። አሮጌው ቤት ከፈረሰ አድራሻው ምን ይሠራል? ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ የፎቶ ማኅደሩን ለብቻው ገልብጡ።

ሦስተኛው ተራ ፋይል ነው። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል ሆኖ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም ይፋ ያደረገው የመጀመሪያው ድረ ገጽ፣ ኤችቲኤምኤል በሚባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ የተጻፈ ተራ ፋይል ነበር። ያን የመሰለ ገጽ ዛሬ በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ ቢከፈት ይነበባል። ከ30 ዓመት በላይ! ከዚያ ወዲህ ስንት ፕሮግራም መጥቶ ሄደ? ተራ ፋይል የሚጠለፍ ፕለጊን የለውም፣ መረጃ ቋት የለውም፣ በፍላሽ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ በኪሳችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። በእጅ መጻፉ ይከብዳል ለምትሉ ሁጎ፣ ጄኪል የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ጽሑፋችሁን በተራ ጽሑፍ ፋይል ትጽፋላችሁ፣ እነርሱ ገጹን አበጅተው ያወጡላችኋል። የመጀመሪያው ሳምንት ያታክታል፤ በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ አለበት። አልዋሻችሁም፣ ሁሉም ሰው አይወደውም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ቃል ገብቻለሁና እነሆ። በየሳምንቱ የምትጽፉ፣ ከስልክ ሆናችሁ የምትጽፉ፣ ለቴክኒክ ትዕግሥት የሌላችሁ ከሆናችሁ፣ ዎርድፕረስ፣ በጥቂት ፕለጊን። ማንነታችሁን፣ ሥራዎቻችሁንና መገኛችሁን የሚናገር ጥቂት ገጽ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ተራ ፋይል፤ ስለ ዎርድፕረስ አታስቡ፣ ለአምስት ገጽ ያን ሁሉ ማሽን ማቆም ትርፍ ነው።

ሦስተኛው ማስቀመጫው ነው፤ ሆስቲንግ።

ለተራ ፋይል ነጻ ቦታ አለ፣ እርሱም ጥሩ ነው። ጊትሃብ ፔጅስ አንድ ጊጋባይት ድረስ የሚሆን ድረ ገጽ በነጻ ያስቀምጥላችኋል፤ በወር እስከ 100 ጊጋባይት ድረስ አንባቢ ቢያወርድ አያስከፍልም። ክላውድፍሌር ፔጅስም አለ። ሁለቱም የራሳችሁን ዶሜን እንድታስገቡ ይፈቅዳሉ፤ ዋናው ነገር ይኼ ነው። የራሴን ስም የማያስገባ ነጻ ቦታ ነጻ አይደለም፤ የሚያስከፍለኝ በአንባቢዎቼ ነው፤ ስወጣ እዚያው ይቀራሉ።

ለዎርድፕረስ መክፈል አለባችሁ። እዚህ ላይ የዶላሩ ነገር ይመጣል። የውጭ ሆስቲንግ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው። ካርዱ የአጎታችሁ ልጅ ከሆነ፣ ያ ሰው ካርዱን ሲለውጥ ድረ ገጻችሁ ይዘጋል፤ ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ። ዋጋውም አይጨበጥም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 60 ዶላር የሚከፍል ሰው ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ገደማ የነበረው ወጪው ከስድስት ሺህ በላይ ሆነበት፤ ሆስቲንጉ ግን ዋጋ አልጨመረም!

ደግሞ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ነው። የሁለተኛው ዓመት ዋጋ ከታች በትንንሹ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። የምትወስኑት በሁለተኛው ይሁን። «ገደብ የለሽ» የሚል ቃል ስታዩም ውሉን አንብቡ፤ ገደቡ እዚያ ውስጥ አለ።

የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጮች በብር ይቀበላሉ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ትከፍላላችሁ፣ በአማርኛ ደውላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ይህን አትናቁት። ግን ጠይቋቸው፤ ማሽኑ የት ነው? አንዳንዶቹ ከውጭ ተከራይተው መልሰው የሚያከራዩ ናቸው። ይህ ነውር አይደለም፤ አንባቢያችሁ ቨርጂኒያና ቴል አቪቭ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል። ማወቅ ግን አለባችሁ። ደግሞም ሻጮቹን ጠይቋቸው፤ መጠባበቂያ ቅጂ በየስንት ቀኑ ትወስዳላችሁ? እኔ ራሴ ላወርደው እችላለሁ? በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሚንተባተብ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ። በአንዳንድ አሳሽ ላይ የምታዩዋት የቁልፍ ምልክት ደግሞ፣ ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን የምትናገረው፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ ይሰጣታል፤ ለአንድ የግል ድረ ገጽ ለእርስዋ ለብቻ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ማስቀመጫ ስንል ግን የእኛን ወጪ ብቻ እናስባለን። የአንባቢውስ ወጪ?

አክስቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የዘመድ ልጅ ፎቶግራፍ ይወዳል፤ ድረ ገጽ ሠርቶ ስለ ነበር፣ ከቡና በኋላ በስልኳ ከፈትንላት። ነጭ ገጽ መጣ። ጠበቅን። የመጀመሪያው ፎቶ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሰማዩ ታየ፣ የተራራው ጫፍ ታየ፣ ከዚያ ቆመ። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ስልኩን አራቅ አድርጋ ያዘችና፣ «እንግዲህ ተራራው ካልመጣ እኛ እንሂድ» አለች። ወዲያው ደግሞ «ጥቅልዎ አልቋል» የሚል መልእክት ገባ። «ካርዴን በላው!» አለችና ስልኩን አስቀመጠችው። ልጁ ከካሜራው የወጣውን ፎቶ እንዳለ ነበር የጫነው፤ አንዱ አራት ሜጋባይት ቢሆን ሃያው ሰማንያ ሜጋባይት ነው። ያንኑ ፎቶ ለስልክ በሚበቃ መጠን፣ ወርዱን 1200 ፒክሰል አድርጋችሁ ብታስቀምጡት አንዱ ከ200 ኪሎባይት ብዙ አያልፍም፤ ሃያው አራት ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዐይን ልዩነቱን በስልክ ላይ አያውቀውም። ትልቁን ቅጂ ለሕትመት ቤታችሁ አስቀምጡት። ድረ ገጻችሁ ያለቀ ሲመስላችሁ በቢሮው ዋይፋይ አትፈትኑት፤ በዳታ፣ በርካሽ ስልክ፣ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ፈትኑት።

አራተኛው ፊደላችን ነው። የውጭ አገር መጽሐፎች ይህን አይነግሯችሁም፤ እነርሱን አይመለከታቸውምና።

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ሁሉ በኮምፒውተር አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ አደራደር በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። አዛውንት ጸሐፊዎች ፍላሽ ዲስክ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ስከፍተው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ድብልቅልቅ ነው። ልብ ወለድ ነው እኮ! እንዲህ ያለ ፋይል ያላችሁ፣ ድረ ገጽ ከመሥራታችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከተለወጠ በኋላ ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ዲቃላ ፊደሎች፣ እንደ «ሏ» እና «ቷ» ያሉት፣ ሲለወጡ መሳሳት ይወዳሉ።

ፋይላችሁ ሁልጊዜ በዩቲኤፍ-8፣ ዩኒኮድን በፋይል ውስጥ በማስቀመጫው አሠራር፣ ይቀመጥ። በዚህ አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ አንድ። «ታዲያ አማርኛ ይከብዳል?» እንዳትሉ፤ አንድ ሙሉ መጣጥፍ ከአንዲት ትንሽ ፎቶ ያንሳል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ የፊደል ቅርጹ፣ ፎንት የምንለው። የእኛ ፎንት ከ300 በላይ ምልክት ስለሚይዝ የላቲኑን ያህል ቀላል አይደለም። ደስ የሚለው ግን አብዛኛው መሣሪያ የራሱ የግእዝ ፎንት አለው፤ አንድሮይድ ኖቶ የሚባለውን፣ ዊንዶውስ ኒያላን በኋላም ኤብሪማን፣ ማክ ከፋን ይዞ ይመጣል። የግድ ካልሆነ በስተቀር ሌላ አትጫኑ፤ ያለው ይበቃል።

ገጽታ ስትመርጡ በሻጩ ማሳያ አትታለሉ። ማሳያው በእንግሊዝኛ ነው። የራሳችሁን አንድ አንቀጽ ለጥፋችሁ እዩት። መስመሮቹ እላይ በላይ ተጣብቀው ታያላችሁ፤ ፊደላችን ቁመተ ረጅም ስለሆነ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። አርእስቱ ፊደል ከፊደል ተራርቆ «ኢ ት ዮ ጵ ያ» ይሆናል፤ ለላቲኑ ውበት ተብሎ የተደረገ ነው። ለጥቅስ ያዘመመ ጽሑፍ ያደርጉላችኋል፤ የእኛ ፊደል ማዘንበል ልማዱ አይደለም፣ ትእምርተ ጥቅሳችን ይበቃዋል። እነዚህን አንድ የሚያውቅ ሰው በአንድ ሰዓት ያስተካክላቸዋል፤ አስቀድማችሁ ካያችኋቸው።

ሌላ ልመና አለኝ። ግጥማችሁን በሥዕል ላይ ጽፋችሁ አትለጥፉ። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ጉግል ይቸገርበታል፣ ዐይነ ስውር አንባቢ በስልኩ ሊያስነብበው አይችልም፣ ማንም ገልብጦ ሊጠቅሰው አይችልም። ጽሑፍ ጽሑፍ ይሁን። ሞክሼ ፊደሎችንም አስቡባቸው። በራሳችሁ ድረ ገጽ ውስጥ ያለው ተራ መፈለጊያ «ሀ» እና «ሐ» አንድ መሆናቸውን አያውቅም፤ «ሐበሻ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ሀበሻ» ብሎ የፈለገ ሰው «ምንም አልተገኘም» ይባላል። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ጽኑ፤ ፈላጊው የሚጽፈውን ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ ከገጹ ግርጌ በቁልፍ ቃልነት ጣል አድርጉለት።

ሰዓቴ እያለቀ እንደ ሆነ ሰብሳቢው በዐይናቸው እየነገሩኝ ነው። በአራቱ ውስጥ ያልቆጠርሁትን አንድ ነገር ልጨምር፤ እርሱም ቁልፉ ነው። ጽሑፋችሁና ፎቷችሁ ከሆስቲንጉ ውጭ፣ ቤታችሁ ባለ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ። የዶሜኑ፣ የሆስቲንጉና የኢሜይሉ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ የቤት ካርታና የባንክ ደብተር በሚቀመጥበት ይቀመጥ፤ የሚታደስበት ቀንም ከጎኑ። ደራሲ ሲያርፍ ቤተሰቡ መጽሐፉን ከመደርደሪያው ያገኘዋል፤ ድረ ገጹን ግን ቁልፉን ካላገኘ ክፍያው ባለቀበት ቀን ያጣዋል። ለልጆቻችሁ ዛሬ አሳዩአቸው፤ ስለ ሞት መናገር እንዳይመስልባችሁ፣ ስለ ንብረት መናገር ነው።

ከዚህ በኋላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ በስተግራ ወዳለው ጠረጴዛ ኑ። ዶሜን ያላችሁ፣ አካውንቱን ከፍተን በማን ስም እንደ ሆነ አብረን እናያለን፤ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ያ ሰው አሁኑኑ ይደወልለት፣ መሸ ብላችሁ አትዘኑለት። ዶሜን የሌላችሁ ደግሞ ስም እንመርጣለን።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። አዎ፣ ከኋላ ነጠላ የለበሱት እናት ቀድመዋል፤ እባካችሁ ድምፅ ማጉያውን አሳልፉላቸው።